ቡአ ያለበትን ሕመምተኛ ወደ ቀዶ ሕክምና ስንልክ

በኮልፌ ቀራንዮ ሸክም ተሸክመው፣ ጭነት አውርደው፣ ድንጋይ ፈልጠው የሚያድሩ ብዙ ወንዶች አሉ። ከእነዚህም መካከል በብሽሽታቸው እብጠት ይዘው ለዓመታት ለማንም ሳይነግሩ የሚኖሩ ያጋጥሙናል። ሕዝቡ ቡአ ይለዋል፤ ሐኪሞች ሄርኒያ ይሉታል። የሚደበቀው በኀፍረት ብቻ አይደለም፤ ቀን ሥራ ያልዋለ ሰው ማታ ለልጆቹ የሚያበላው ስለሌለውም ጭምር ነው።

ቡአ የሚባለው የሆድ ግድግዳ በአንድ ቦታ ሲሳሳና አንጀት ወይም የሆድ ሞራ በዚያ በኩል ሲወጣ ነው። ሰውየው ሲቆም፣ ሲያስል ወይም ሲሸከም ያብጣል፤ ጋደም ሲል ይመለሳል። መቀነት ማሰር፣ መታሸትና በእሳት መተኮስ ቀዳዳውን አይደፍኑትም፤ ኪኒንም አይደፍነውም። የሚደፍነው ቀዶ ሕክምና ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ኤድዋርዶ ባሲኒ የስፌቱን ዘዴ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካስታወቀ ወዲህ ሥራው እየተሻሻለ መጥቶ፣ ዛሬ ብዙ ጊዜ መረብ መሳይ ጨርቅ በቦታው ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ በምሥራቅ ኡጋንዳ የተደረገ ጥናት፣ ከአጎበር ጨርቅ የተዘጋጀ ርካሽ መረብ ከውዱ እንደማያንስ አሳይቷል። (ቤት የተሰቀለውን አጎበር ማለታችን አይደለም፤ ለሕክምና እንዲሆን ከጀርም የጸዳውን ነው።)

የሕፃናት የእምብርት ቡአ ብዙውን ጊዜ ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው በራሱ ይዘጋል። የሕፃን የብሽሽት ቡአ ግን አይጠበቅም፤ ሳይዘገይ ለሐኪም ይታያል።

ከሁሉ የሚያስፈራው መታነቅ ነው። ወትሮ የሚመለሰው እብጠት አልመለስ ካለ፣ ከጠነከረና ሲነካ አጥብቆ ካመመ፣ ሕመምተኛው ካስታወከ፣ ሰገራና ፈስ ከቆመበት፣ አንጀቱ ደም አጥቶ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በዚህ ጊዜ በግድ ለመመለስ መጫን አይገባም። የሚበላም የሚጠጣም ሳይሰጥ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ወረቀት እስኪጻፍ አይጠበቅ።

ካልታነቀ ግን መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልም ቢሆን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይቶ የሪፈር ወረቀት መያዝ አለበት። በክፍለ ከተማችን የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ተቋቁሞ ዛሬ አጠቃላይ ሕክምናም ይሰጣል፤ ስሙን ከሥጋ ደዌ ጋር ብቻ አያይዞ የሚፈራ ሕመምተኛ ካለ ይህን ማስረዳት ነው።

ስለ ወረቀቱ አንድ ጥፋታችንን እንናገር። ከዓመታት በፊት አንድ የቀን ሠራተኛ “ቡአ አለበት፣ ይታከም” በሚል አንድ መስመር ብቻ ላክን። የሚሸኘው ሰው አልመደብንለትም፤ ቤተሰቡ ምን እንደሚበላም አልጠየቅንም። እርሱም ቀጠሮ ሲሰጠው ቀኑን አሳልፎ ወደ ሸክሙ ተመለሰ። አንድ ሌሊት ታነቀበት። የሞተውን አንጀት ቆርጠው አወጡለትና ተረፈ፤ ነገር ግን በጥቂት ቀን የሚያልፈው ሕመም ብዙ ሳምንት አስተኛው።

ከዚያ ወዲህ የምንጽፈው እንዲህ ነው፦ ዕድሜውና ሥራው፤ እብጠቱ በየትኛው ጎን እንደሆነና ከመቼ ጀምሮ እንደታየ፤ ይመለስ ወይም አይመለስ እንደሆነ፤ ቀድሞ ተቀዶ እንደሆነ፤ የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም ሌላ በሽታና የሚወስደው መድኃኒት። ሳል፣ የሽንት መቸገርና የሆድ ድርቀትም መጻፍ አለባቸው፤ ሳይታከሙ ከቀሩ የተሰፋውን እንደገና ሊያስለቅቁት ይችላሉና። በመጨረሻም የላኪው ስም፣ ፊርማና ስልክ።

የጉባኤው ድርሻ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በቀጠሮው ቀን አብሮት የሚሄድ አስታማሚ ያስፈልጋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶሎ እንዲራመድ ይመከራል፤ ከባድ ሸክም ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አይሸከምም። ለእነዚያ ሳምንታት የቤቱን ጤፍና ዘይት ማን እንደሚችል ሕመምተኛው ከመሄዱ በፊት ቢነገረው ቀጠሮውን አያሳልፍም። ሲመለስም ከሆስፒታሉ የተሰጠውን የመልስ ወረቀት ለጤና ጣቢያው ያድርስ፤ ስፌቱን የሚያዩለት እነርሱ ናቸው።