የቆመ መኪናም ቀለቡን ይበላል

በቅሎ ሥራ ሳትውል በረት ታስራ ብታድርም ገፈራዋን ትበላለች። የኤሌክትሪክ መኪናም እንደዚሁ ነው። በሩ ተቆልፎ፣ ከሶኬት ተነቅሎ ቢቆምም ቀለቡን መብላት አይተውም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ይህ ነገር የአዲስ አበባ ነዋሪ ብቻ ሳይሆን የክፍለ ሀገር ቤተሰብም ጉዳይ እየሆነ መጥቷል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቆመ መኪና እንነጋገር።

ውድ አንባቢ፣ በነቀምት ከተማ የሚሠሩ እናት ነዎት እንበል። እኅትዎ ኪራሙ ላይ ወልዳለችና አራስ ሊጠይቁ ከልጆችዎ ጋር የአንገርን ሸለቆ ተሻግረው፣ በጊዳ አያና በኩል ኪራሙ ይገባሉ። መኪናውን ከግቢው ጥግ ሲያቆሙት ባትሪው 60 በመቶ ያሳያል። በአሥረኛው ቀን ሌሊት ሕፃኑን ትኩሳት ያጣድፈዋል። ወደ ጤና ጣቢያ ሊያደርሱት ቁልፉን ይጫናሉ፤ መኪናው መልስ የለውም። በሩም አይከፈትም።

ምን ሆነ? ትልቁ ባትሪ ላያልቅ ይችላል። የደከመችው ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ናት። በሩን የምታስከፍተው፣ ኮምፒዩተሩን የምትቀሰቅሰው፣ ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የምታገናኘው እርሷ ናት። እርሷ ከሞተች፣ እህል የሞላበት ጎተራ ተቆልፎ ቁልፉ ጠፋ ማለት ነው። ልጆች በቆመው መኪና ውስጥ ራዲዮ ሲከፍቱ፣ በር ገርበብ ብሎ መብራት ሲያድር፣ «ስንት ቀረው?» እየተባለ በስልክ መኪናው ደጋግሞ ሲቀሰቀስ ትደክማለች።

ትልቁ ባትሪ ግን መኪናው በደንብ ከተኛ በወር የሚያጣው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የሚያሟጥጠው እኛ ሳናጠፋው የምንተወው ነገር ነው። ለምሳሌ ሌባ የሚጠብቀው ካሜራ 250 ዋት ይወስዳል ብንል፣ በ24 ሰዓት 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ይህም የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አንድ አሥረኛ ነው። ሳይነዱት ማቀዝቀዣውን ወይም ማሞቂያውን መክፈትም እንዲሁ ከዚያው ጎተራ መዝገን ነው።

ስለ ሙቀትም ማወቅ ይገባል። ከብርድ አገር የሚመጣ ምክር ሁሉ ለእኛ አይሆንም። ባትሪን ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ መሙላት ይጎዳዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በምትገኘው ነቀምት ግን ይህ አያሳስብም። የእኛ ጠላት የበጋ ፀሐይ ነው። ባትሪ ከሁሉ ይበልጥ የሚያረጀው እስከ 100 በመቶ ተሞልቶ በሙቀት ውስጥ ለብዙ ቀን ሲቆም ነው። ዙሪያውን የተዘጋ የቆርቆሮ ጋራዥ በቀትር እንደ ምጣድ ይግላል፤ ነፋስ የሚያገኝ የዛፍ ጥላ ይሻላል።

እንግዲህ መኪናዎን ለብዙ ቀን ሲያቆሙ የሚከተለውን ያድርጉ።

አንደኛ፣ ባትሪውን ከ50 እስከ 60 በመቶ አድርገው ይተዉት። አንዳንድ ባትሪዎችን በየጊዜው እስከ 100 እንዲሞሉ ፋብሪካው ያዛል፤ ይህ ግን በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ነው። ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት የሚቆሙ ከሆነ፣ ከአንገር ሸለቆ ወደ ነቀምት ዳገት የሚያወጣዎትን አስበው ይሙሉ።

ሁለተኛ፣ ካሜራውንና ራዲዮውን ያጥፉ፣ በሮቹን በደንብ ይዝጉ፣ በስልክ ደጋግመው አይቀስቅሱት።

ሦስተኛ፣ ትንሿ ባትሪ ሦስት ወይም አራት ዓመት ካገለገለች ያስመርምሯት። መኪናው ከወር በላይ የሚቆም ከሆነ መምሪያ መጽሐፉ በሚያዘው መሠረት ገመዷን ያስነቅሉ።

አራተኛ፣ በሪሞቱ ውስጥ የተደበቀች የብረት ቁልፍ እንዳለች ይፈልጉ፤ በየትኛው በር እንደምትገባም በቀን ብርሃን ይሞክሩ። ትንሿን ባትሪ ከሌላ መኪና በገመድ ማስነሳት ይቻላል፤ አሠራሩን ግን ከመጽሐፉ አስቀድመው ያንብቡ። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ፈጽሞ አይንኩ፤ ገዳይ ኃይል አለባቸው።

አምስተኛ፣ የቆመ መኪና የልጆች መጫወቻ አይሁን። የተዘጋ መኪና በፀሐይ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ ይግላል፤ ሕፃን ለአፍታም ብቻውን አይተዉበት።

በብዙ ቤት መምሪያ መጽሐፉ በመኪናው ኪስ ውስጥ እንደ ታሸገ ይኖራል። «ይህ የአባወራው ጉዳይ ነው» ብለው አይተዉት። ሌሊት ሕፃን ታቅፋ ከተዘጋ በር ፊት የምትቆመው እናት ናትና፣ ያችን ትንሽ የብረት ቁልፍ ዛሬውኑ አውጥተው ይዩዋት።