ድሮን፦ ጥቅሙ፣ ጉዳቱና የጎረቤት ሐቅ



ከኡራኤል ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በሚወስደው መንገድ፣ አትላስ በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ወጣት አለ እንበል። ከጓደኛው የተዋሰውን ትንሽ ድሮን ይዞ፣ የዐስር ሶላት ከሰገደ በኋላ ወደ ፎቁ ጣሪያ ወጣና አስነሳው። ድሮኑ እንደ ንብ እያንዛዘዘ በአጥሩ ላይ ሲያልፍ፣ በግቢያቸው ልብስ ያሰጡ የነበሩ ጎረቤቱ ደንግጠው የታጠበውን ነጠላ ከገመዱ ስበው ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉ። ቀና ብለውም፣ «አንተ ልጅ፣ ይህ ነገር ግቢያችንን ያያል ወይስ አያይም?» ሲሉ ጠየቁት። «ኧረ እማማ፣ እኔ ሰማዩን ነው የምቀርጸው» አላቸው።

ታሪኩን ያነሳነው ለምሳሌ ያህል ነው፤ የእናታችን ጥያቄ ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። መልሱን ከማግኘታችን በፊት የዚህን መሣሪያ ጥቅምና ጉዳት እንመልከት።

ጥቅሙ

ድሮን ማለት አብራሪው ውስጡ ሳይቀመጥ ከመሬት ሆኖ የሚመራው በራሪ መሣሪያ ነው። በገበያ የሚገኙት ትንንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ አራት ተሽከርካሪዎች፣ ባትሪና ካሜራ አሏቸው። በአገራችን ድሮን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጦርነት ነው። የዛሬው ርዕሳችን ግን ለሰላማዊ ሥራ የሚውለው ነው።

ሩዋንዳን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዚፕላይን የተባለው ድርጅት ከሙሃንጋ ከተማ እየተነሱ ደም ወደ ሆስፒታሎች የሚያደርሱ ድሮኖችን ሲያሠራ ቆይቷል። ድሮኑ ሆስፒታሉ ዘንድ ሲደርስ አያርፍም፤ የደሙን እሽግ በትንሽ ጃንጥላ ለቅቆ ይመለሳል። በወሊድ ጊዜ ደም ለሚፈሳት እናት ከተራራ ወዲያ ያለ ደም በሰዓቱ መድረሱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

በእኛም አገር ተሞክሯል። ከብትን በገንዲ በሽታ የሚፈጀውን የቆላ ዝንብ ለማጥፋት፣ አዲስ አበባ ቃሊቲ በሚገኘው ማራቢያ ወንዶቹ ዝንቦች በጨረር እንዲመክኑ ይደረጋል። ከዚያም በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላማ ሸለቆዎች ይለቀቃሉ። ሴቷ ዝንብ በአብዛኛው በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትጠቃ፣ ከመከነው ጋር ከተገናኘች ዘር አይኖራትም። እነዚህን ዝንቦች በሰፊው ለመበተን ከአውሮፕላን ይልቅ ድሮን እንዲያገለግል ሙከራ ተደርጓል። ካርታ ማንሳት፣ ሰብል መቃኘትና የጠፋ ሰው መፈለግም ከጥቅሞቹ መካከል ናቸው።

እንግዲህ መሣሪያው በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉም ደግም የሚያደርገው የያዘው ሰውና ያበረረበት ቦታ ነው።

አውሮፕላን በሚያርፍበት ሰማይ

አትላስ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚርቀው ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ብቻ ነው። በአየር ላይ ያለ ትንሽ ነገር አውሮፕላንን ምን ሊያደርግ እንደሚችል አገራችን በመራራ ሐዘን ተምራለች። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ሞተሮቹ የርግብ መንጋ ውጠው ተበላሹበት። ለመመለስ ሲሞክር ተከሰከሰና ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ርግብ ሥጋና ላባ ነች። ድሮን ግን ሞተርና ጠንካራ ባትሪ የተሸከመ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 በካናዳ፣ ኩቤክ ከተማ አቅራቢያ ለማረፍ ይቃረብ የነበረ አነስተኛ የመንገደኞች አውሮፕላን ከድሮን ጋር ተጋጭቷል። አል-ሐምዱሊላህ፣ በውስጡ የነበሩት ስምንቱም ሰዎች በሰላም አረፉ። በታኅሣሥ 2018 ደግሞ ለንደን አጠገብ ባለው የጋትዊክ አውሮፕላን ማረፊያ ድሮን ታየ በመባሉ ብቻ 1,000 ያህል በረራዎች ተስተጓጉለው 140,000 የሚሆኑ መንገደኞች ተጉላልተዋል። በእኛ ቦሌ ቢሆን ከሚጉላሉት መካከል የሐጅ ተጓዦች፣ ለሕክምና የሚሄዱ ሕሙማንና ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችን ይገኙበት ነበር።

በሰው ራስ ላይ

ቦሌ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። አየሩ ስስ በመሆኑ ተሽከርካሪዎቹ በፍጥነት መዞር አለባቸው፤ ባትሪውም ቶሎ ይደክማል። ከ50 ሜትር ከፍታ የወደቀ ዕቃ፣ የአየሩ ግፊት ካልቀነሰው፣ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ በኢድ ሶላት ላይ ወይም በሠርግ ድንኳን አናት ላይ ድሮን ማንዣበብ የሕፃናትን ራስ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ሥዕሉ ቢያምርም የአንድ ልጅ ዓይን አያክልም።

በአጥሩ ላይ

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። እውነቱን ለመናገር፣ ያያል። ልጁ ሰማዩን ለመቅረጽ ቢያስብም ካሜራው ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይመዘግባል። ያለ ሒጃብ በግቢዋ የምትንቀሳቀስ እህት፣ በሠርግ ቀን በሴቶች ድንኳን የተሰበሰቡ እናቶች፣ የሰው የኑሮ ጓዳ ሁሉ በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ ይቀራል። ከዚያም በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ከተለቀቀ መልሶ የሚሰበስበው የለም።

ሃይማኖታችን በዚህ ረገድ ዝም አላለም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኑር (24፡27) የሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ እንዳይገባ አዟል። በሱረቱ አል-ሑጁራት (49፡12) ደግሞ የሰውን ገመና መሰለል ከልክሏል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቀዳዳ ወደ ቤታቸው ያጮለቀን ሰው በብርቱ ገሥጸው፣ ማስፈቀድ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑን ማስተማራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። የበሩ ቀዳዳ ዛሬ ክንፍ አውጥቶ ቢበርም ሕጉ አልተለወጠም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ወጣቶች ሆይ! ሁለት ፈቃዶች ያስፈልጓችኋል። የመጀመሪያው የመንግሥት ነው። በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ከጓደኛ መዋስ ወይም ከሱቅ መግዛት ፈቃድ አይሆንም። ዘመዶቻችሁም ከውጭ ሲመጡ በሻንጣ ይዘው ከመምጣታቸው በፊት ይህንን ንገሯቸው። በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ማብረርማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

ሁለተኛው የጎረቤት ፈቃድ ነው። የመንግሥት ወረቀት የጎረቤትን ሐቅ አይሽርም።

ወላጆችም «ቴክኖሎጂ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ነገሩ ቀርቶባቸው እንዲያዝኑም አታድርጉ። ፍላጎት ያለው ልጅ ኤሌክትሮኒክስና የካርታ ሥራ እንዲማር አግዙት። ነገ ደም የሚያደርሰውን ወይም የቆላ ዝንብ የሚያጠፋውን የሚሠራው እሱ ሊሆን ይችላል፣ ኢንሻአላህ። ለሠርግ የቪዲዮ ባለሙያ ስትቀጥሩ ደግሞ ድሮን ያመጣ እንደሆነ፣ ፈቃድ እንዳለውና በሴቶቹ በኩል እንደማያሳልፍ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የአትላሱ ወጣትም ድሮኑን አውርዶ፣ የቀረጸውን በጎረቤቱ ፊት ቢያጠፋና «አውፍ ይበሉኝ እማማ» ቢል፣ በዚያች ዕለት ከተማረው ሁሉ የሚበልጠውን ተማረ ማለት ነው።