የኦትሴጎ ሳጥን

የምርጫ አስፈጻሚዎችን ሳሠለጥን ብዙውን ሰዓት የምሰጠው ለርክክብ ነው። በጣቢያው ታዛቢም መራጭም አለ፤ ኮሮጆው ታሽጎ ከተጫነ በኋላ ግን ድምፁን የሚጠብቁት ማኅተሙና ፊርማው ናቸው። «ፊርማ ቢጎድልስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ያን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1792 በኒውዮርክ የተካሄደውን የገዥ ምርጫ እተርክለታለሁ።

ከ1777 ጀምሮ ግዛቲቱን ያስተዳደረው ጆርጅ ክሊንተን የገጠመው የአገሪቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ጆን ጄይን ነበር። በጊዜው ሕግ የየአውራጃው ሸሪፍ የድምፅ ሳጥኑን ለግዛቱ ጸሐፊ ያስረክባል፤ ከሁለቱ ምክር ቤቶች የተውጣጣ ኮሚቴ ይቆጥራል። የኦትሴጎ ሸሪፍ ግን የሥራ ዘመኑ አልቋል፤ የተሾመው ተተኪም ገና ሥራውን አልያዘም። ሳጥኑን የላከው ነባሩ ነው። የቲዮጋና ክሊንተን የተባለው አውራጃ ሳጥኖችም በአድራሾቹ ውክልና ሰበብ ጥያቄ ተነሣባቸው።

ስለ ኦትሴጎ ሁለቱ የኒውዮርክ ሴናተሮች ተጠየቁ። ሩፎስ ኪንግ ይቆጠር አለ፤ አሮን በር አይቆጠር አለ። የኮሚቴው አብላጫ ሦስቱንም ጣለ። ክሊንተን በ108 ድምፅ ብልጫ አሸናፊ ተባለ። ኦትሴጎ የጄይ ደጋፊዎች የበዙባት ነበረች።

ኦትሴጎ ነቀፋ አልነበረባትም ማለቴ አይደለም፤ የአውራጃው ዳኛ ዊልያም ኩፐር መራጮችን ለጄይ አስገድዷል ተብሎ ተከሷል። ያ ቢጣራ ተገቢ ነበር። ሳጥኑ የወደቀው ግን በዚህ አይደለም፤ ላኪው ሥልጣን የለውም ተብሎ ነው። የሸሪፍ ሹመት መዘግየት የገበሬው ጥፋት አይደለም። ድምፁን ሰጥቶ ወደ ማሳው ተመልሷል። የርክክብ ደንብ የተሠራው የእርሱን ድምፅ ከሌባ ለመጠበቅ ሆኖ ሳለ፣ ድምፁን ራሱን ለመጣል ሲውል ማየት እኔን ያመኛል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የድምፅ ወረቀቶቹ መቃጠላቸው ነው። የተናደዱት የጄይ ወገኖች እንደገና ይጣራ ቢሉ ምን ይመረመራል? ጄይ ሕዝቡን ለሁከት አላነሣሣም፤ በ1795 ገዥ ሆኖ ተመረጠ።

ለሠልጣኞቼ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ፊርማ ከጎደለ ጉድለቱን በታዛቢዎች ፊት በቃለ ጉባዔ ጻፉ፤ ኮሮጆውን ለብቻው አስቀምጡ፤ አትክፈቱት፣ አትጣሉት፤ ውሳኔውን ሥልጣን ላለው አካል ተዉ።