ካርዱ የማይነግራችሁ

ጠጋ በሉ። አለቃዬ ሻይ ልትቀዳ ወጥታለች፤ ቶሎ ልንገራችሁ።

ዋሽንግተን አካባቢ፣ ባለቤት ያጡ ውሾች መጠለያ ውስጥ እሠራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ልጆቹን አስከትሎ ይመጣና በየፍርግርጉ ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ ያነባል። እኔ ጥግ ቆሜ ሳቄን እውጣለሁ። ካርዱን የጻፍኩት እኔዋ ነኛ!

«ንቁና ተጫዋች» ካለ ሶፋችሁን ተሰናበቱት። «ለብቻው ቢያድግ ይመረጣል» ካለ የጎረቤትን ድመት አደራ። «ስሜቱን መግለጽ ይወዳል»? ይጮኻል። ውሻ በበላበት ይጮኻል አይደል የሚባለው? ይኼኛው ባልበላበትም ይጮኻል።

«የቴሪየር ድቅል» የሚለውማ ይብሳል። ትንሽ፣ ጢማም፣ ዓይኑ ነገረኛ የሆነ ውሻ ሲመጣ ከብበን እናየውና እንገምታለን። በቃ፣ ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የዘር ምርመራም ወረቀትም የለም።

ዋናው ምስጢር ግን ገና ነው።

ቴሪየር ማለት ከላቲኑ «ቴራ»፣ ከመሬት የመጣ ስም ነው። ጉድጓድ ገብቶ ቀበሮና አይጥ እንዲያሳድድ የተዳቀለ ሠራተኛ ነው። ጩኸቱ ራሱ ሙያ ነበር፤ አዳኙ የት እንደሚቆፍር የሚያውቀው ከመሬት ሥር በሚሰማው ድምፅ ነው። የጃክ ራስልን ዘር የጀመረው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ቄስ! የዴቨኑ ቄስ ጆን ራስል፣ ኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ ከወተት ሻጭ በገዛት አንዲት ውሻ። ያ ሪባን ታስሮለት በቦርሳ የሚዞረው ዮርክሻየርስ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከስኮትላንድ ወደ ሰሜን እንግሊዝ ሥራ ፍለጋ የወረዱ ሸማኔዎች ይዘዋቸው ከመጡ አይጥ አዳኝ ውሾች የተገኘ ዘር ነው። ሐር የለበሰ ወዛደር በሉት።

ታዲያ ወዛደር ሥራ ሲፈታ ምን ያደርጋል? ትራስ ይቦጫጭቃል። ከዚያ ባለቤቱ «አልቻልኩትም» ብሎ እኛ ዘንድ ይመልሰዋል።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። የ1939ኙ «የኦዝ ጠንቋይ» ፊልም ላይ ያለው ቶቶ ወንድ መስሏችሁ ነበር አይደል? ሴት ናት። ስሟ ቴሪ፣ ዘሯ ኬርን ቴሪየር። ምንጣፍ ላይ እየሸናች ብታስቸግር፣ ባለቤቶቿ የሆሊውዱ አሠልጣኝ ካርል ስፒትዝ ዘንድ አደረሷት፤ በዚያው ሳይወስዷት ቀሩ። በኋላ ቶቶን ስትሠራ በሳምንት 125 ዶላር ይከፈልላት ነበር። በ2011 «ዘ አርቲስት» ፊልም ላይ ሰውን ሁሉ ያሳቀው ውሻ ኡጊም «አስቸገረን» ተብሎ መጠለያ ሊጣል ሲል ነው አሠልጣኙ የተቀበለው።

እንግዲህ ስትመጡ ካርዱን እለፉትና አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ተወስዶ የተመለሰ አለ?» እኛ ተያይተን ፈገግ እንላለን። ከዚያ በጓሮ በር ወደ ሜዳው እንወስዳችኋለን። ፍርግርጉን ሲነክስ የነበረው ጉድ ኳስ ሲያይ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ቤት ስትወስዱት ሥራ ስጡት፤ ምግቡን ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ደብቁበት፣ ፈልጎ ያውጣው። ሶፋችሁ ይተርፋል። ምናልባት።

ውይ፣ መጣች!

«እንኳን ደህና መጣችሁ! እባካችሁ ካርዶቹን በደንብ አንብቡ።»