ያውቁ ኖሯል? ከዲላ እስከ ዋሽንግተን

ዲላ ከአዲስ አበባ በመኪና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በአየር ላይ ቀጥ ተብሎ ቢለካ ግን 290 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ የመጣው መንገዱ በሞጆ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ በኩል ስለሚዞር ነው።

ዲላ ላለችበት ለጌዴኦ ዞን ቅርቡ አውሮፕላን ማረፊያ የሐዋሳው መሆኑንስ? ከሐዋሳ ቦሌ ለመድረስ በአየር አንድ ሰዓት አይሞላም። ከዲላ ሐዋሳ ያለው 90 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ከበረራው የበለጠ ሰዓት ይወስዳል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧልና ይህ መንገድ ለነዋሪውም ለእንግዳውም የተሻለ እንክብካቤ ይገባዋል።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአጭሩ የአየር መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታዲያ ከዋሽንግተን ሲመጡ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ተበርሮ ቦሌ ሲገባ፣ ሲሄዱ ለምን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል? ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛ ጭኖ፣ ለሙሉ ጉዞ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ከፍ ባለው ሰማይ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ መጪውን ይገፋል፣ ሂያጁን ይገታል።

ይህ መስመር የክብር ታሪክም አለው። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ 12,082 ኪሎ ሜትር በርሮ፣ በጊዜው ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኞች አውሮፕላኖችን የርቀት ክብረ ወሰን ሰበረ። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። በ38 ዓመት ውስጥ እዚህ መድረስ ትልቅ ነገር ነው።

የጌዴኦ ቡናስ ወደ ውጭ አገር እንዴት ይጓዛል? ገዢው የሚቀምሰው ናሙና በአውሮፕላን በቀናት ውስጥ ይደርሳል። ኮንቴይነሩ ግን ጅቡቲ ወርዶ በመርከብ ሳምንታትን ይፈጃል።

በመጨረሻ ለመንገደኛ፦ ትኬት ላይ 22:30 የሚል ካዩ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4:30 ነው። ማክሰኞ 00:30 ከተባለ ደግሞ ሰኞ ማታ ተኝተው ማክሰኞን አይጠብቁ፤ አውሮፕላኑ የሚነሣው በዚያው በሰኞ ሌሊት 6:30 ነው። ለውጭ አገር በረራ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ቦሌ መገኘት ስለሚያስፈልግ፣ ከዲላ የሚነሡ ሁሉ አዲስ አበባ በዋዜማው ይግቡ።