ውርንጭላው መቼ ይሸጥ?

መስከረም በሀዲያና በከምባታ የወጪ ወር ነው። ያሆዴና መሳላ ከመስቀል ጋር ተያይዘው ይመጣሉ፤ ለቅርጫ ይዋጣል፣ ከከተማ የሚመጣ ዘመድ ይስተናገዳል፣ በዚያው ሰሞን ደብተርና የደንብ ልብስ ይገዛል። እናቶች ቅቤውን በዊጆ ሲያጠራቅሙ ከርመዋል። ጥሬ ገንዘቡ ግን ከየት ይምጣ? ለምሳሌ ሆሳዕና አቅራቢያ ሀቢቾ ውስጥ ፈረስ ያለው ቤተሰብ እናስብ። የአባወራው ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ግቢ ውስጥ በሚቦርቀው የሁለት ዓመት ውርንጭላ ላይ ነው።

ወይፈን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ለመስቀል ሁሉም ሥጋ ስለሚፈልግ የሰንጋ ዋጋ ይወጣል። ፈረስ ግን በአገራችን አይበላም። በዓሉ ሻጩን እንጂ ገዢውን አያበዛለትም። ደላላውም ቢሆን የፈረሱን ጥርስ ከማየቱ በፊት የሻጩን ፊት ያነባል። «አባባ፣ ይሄ እኮ ገና ልጅ ነው፤ ለእርስዎ ብዬ ነው» ካለ ዋጋው ወርዷል ማለት ነው። በማርኬቲንግ ሙያ የቸኮለ ሻጭ ዋጋ አይወስንም እንላለን፤ የገበያ ቀን ደላሎች ግን ይህን የሚያውቁት ትምህርት ቤት ሳይገቡ ነው።

ታዲያ ፈረሱ መቼ ነው ለዋጋ የሚደርሰው? መልሱ አፉ ውስጥ አለ። ፈረስ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ መሃለኞቹን የፊት የወተት ጥርሶች ይቀይራል። ቀጣዮቹ በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በአራት ዓመት ተኩል ይከተላሉ፤ በአምስት ዓመቱ አፉ ሙሉ ይሆናል። አጥንቱም የሚጠነክረው በየተራ ነው። እግሩ ቀድሞ ይጠነክራል፤ የጀርባ አጥንቱ ግን እስከ አምስትና ስድስት ዓመት ይዘገያል። ቁመቱን አይተን «ደርሷል» የምንለው የሁለት ዓመት ፈረስ ገና ልጅ ነው። ጋሪ ላይ ከተጠመደ ሊያገለግል በሚገባው ዕድሜ ያነክሳል፤ ጀርባውም ይጎብጣል። ያነከሰ በሬ ቢያንስ ለሥጋ ይሸጣል። ያነከሰ ፈረስ ግን ገዢ ስለሌለው መንገድ ዳር ይጣላል። በየከተማችን አስፋልት ላይ ቆመው የምናያቸው ከሲታ ፈረሶች ታሪክ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ጋሪው ራሱስ እስከ መቼ? ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ካሉት ማዕከላት አንዷ ናት። ኮብልስቶንና አስፋልት በገባበት ሁሉ ባጃጅ ጋሪውን ይገፋዋል። ስለዚህ ባለጋሪ ብቻ ይገዛኛል ብሎ ፈረስ ማሳደግ እየጠበበ ባለ ገበያ ላይ መወራረድ ነው። ክረምት ላይ ባጃጅ የማይደፍረው ጭቃ መንገድ ያለበት ገበሬ ግን ኮርቻና ጭነት የለመደ፣ ሰው የማይራገጥ ፈረስ ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ፈረስ ለማድረስ ጊዜና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ትርፉም ያለው እዚያ ነው።

ማቆየት በነፃ አይደለም። በበጋ ሣር ይጠፋል፤ ገለባና ፉሩሽካ ይገዛል። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው በጥቃቅን ትንኞች የሚተላለፍ ሲሆን በተለይ ከክረምት ማብቂያ በኋላ ይበረታል፤ ጤነኛ የነበረን ፈረስ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል፤ ከትንኙ ወቅት በፊት የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ያዋጣል። ሳይከተብ የሚቆይ ፈረስ ቁጠባ ሳይሆን ቁማር ነው።

እኔ ብሆን የሁለት ዓመቱን ፈረስ በመስከረም አልሸጥም። ለመስከረም በግ ወይም ጥቂት የባሕር ዛፍ ግንድ ይሸጥ። ፈረሱ ሦስት ዓመት ሲሞላው ቀስ እያለ ኮርቻ ይልመድ፤ አራት ካለፈው በኋላ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ገበሬው እህሉን ሰብስቦ እጁ ገንዘብ ሲይዝ ለገበያ ይቅረብ። ለመኖና ለክትባት አቅም የሌለው ቤተሰብ ግን ባይጠብቅ ይሻላል። ጡት እንደጣለ፣ ሜዳ ላለውና ማሳደግ ለሚችል ሰው ይሽጠው። ዋጋው ቢያንስም ውርንጭላው ወደ ጋሪ ሳይሆን ወደ መስክ ይሄዳል።

ባዝራ ከሆነች ሒሳቡ ይለያል። እርግዝናዋ 11 ወር ገደማ ነው፤ በደንብ ከተያዘች በየሁለት ዓመቱ አንድ ውርንጭላ ማለት ናት። እሷን ለደብተርና ለቅርጫ ከመሸጥ በፊት ባልና ሚስት አንድ ምሽት ቁጭ ብለው ቢመክሩበት ይሻላል።