የመጨረሻው ታንጎ በፓሪስ፡ ሃያስያን ያልጠየቁት ጥያቄ

ከዛሬ 20 ዓመት በፊት ከሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ደጋግሜ ከተከራየኋቸው ፊልሞች አንዱ «የመጨረሻው ታንጎ በፓሪስ» ነበር፡፡ የቪዲዮ ቤቱ ልጅ በጋዜጣ ጠቅልሎ ነበር የሚሰጠኝ፡፡ እኔ ግን «ይሄ የወሲብ ፊልም ሳይሆን የብቸኝነት ፊልም ነው» እያልኩ ከጓደኞቼ ጋር እሟገት ነበር፡፡ በቅርቡ ይህንኑ ሙግቴን ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስደግምላት ጸጥ ብላ አዳመጠችኝና «ተዋናይቷስ ምን አለች?» ስትል ጠየቀችኝ፡፡ የምመልሰው አጣሁ፡፡ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው፡፡ (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ፊልሙን ላላዩት በአጭሩ ልግለጸው፡፡ ማርሎን ብራንዶ የሚጫወተው ፖል ብዙ አገር ዞሮ በመጨረሻ ፓሪስ የቀረ አሜሪካዊ ነው፡፡ አነስተኛ ሆቴል የነበራት ፈረንሳዊት ሚስቱ ራሷን አጥፍታለች፡፡ የሚከራይ ባዶ አፓርታማ ሊያይ ሲገባ ዣን ከምትባል ወጣት ጋር ይገናኛል፡፡ ስም መጠያየቅ፣ ስላለፈ ሕይወት ማውራት ክልክል ነው የሚል ሕግ ያወጣና በዚያ ቤት ግንኙነታቸው ይቀጥላል፡፡ መጨረሻ ላይ ሕጉን ራሱ አፍርሶ «እወድሻለሁ» ሲላት ግን ጊዜው አልፏል፡፡ ተከትሏት ቤቷ ድረስ ሲገባ በአባቷ ሽጉጥ ትገድለዋለች፡፡

በአማርኛ «ባይተዋር» የምንለው ዓይነት ሰው ነው ፖል፡፡ በሰው አገር የሚኖር ብቻ ሳይሆን በገዛ ቤቱም እንግዳ የሆነ፡፡ በሚስቱ አስከሬን አጠገብ ተቀምጦ እየተሳደበም እያለቀሰም የሚናገርበት ትዕይንት ከብራንዶ ምርጥ ትወናዎች አንዱ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ፡፡ የቪቶሪዮ ስቶራሮ ብርቱካናማ ብርሃንና የአርጀንቲናዊው ጋቶ ባርቢየሪ ሳክስፎን ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር በትካዜ ይሞሉታል፡፡

ሃያስያን ፊልሙን እንዴት ተቀበሉት? በእኔ እይታ ሦስት ምዕራፎች አሉት፡፡

የመጀመሪያው የአድናቆት ነው፡፡ ፊልሙ በኒውዮርክ የፊልም ፌስቲቫል መዝጊያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ጥቅምት 14 ቀን 1972 ነበር፡፡ የ«ኒውዮርከር» መጽሔት ሃያሲ ፖሊን ኬል ያንን ምሽት በ1913 የስትራቪንስኪ የባሌ ዳንስ ሙዚቃ ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀረበበትና አዳራሹን ካናወጠው ምሽት ጋር አነጻጸረችው፡፡ አከፋፋዩ ዩናይትድ አርቲስትስም ሂሷን በ«ኒውዮርክ ታይምስ» ላይ ባለ ሁለት ገጽ ማስታወቂያ አድርጎ አወጣው፡፡ ሁሉም ግን አልተስማማም፡፡ ደራሲው ኖርማን ሜይለር በ1973 ረዥም የትችት ጽሑፍ አሳተመ፡፡ ያም ሆኖ ብራንዶና ዳይሬክተሩ በርናርዶ በርቶሉቺ ለኦስካር ታጩ፡፡

ሁለተኛው የፍርድ ቤት ምዕራፍ ነው፡፡ በጣሊያን ፊልሙ ጸያፍ ነው ተብሎ ተከሰሰ፡፡ በጥር 1976 የአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ በሙሉ እንዲወድሙ ወሰነ፡፡ በርቶሉቺም የአራት ወር የገደብ እስራት ተፈረደበት፣ ለአምስት ዓመትም የመምረጥ መብቱን ተነጠቀ፡፡ እገዳው የተነሳው በ1987 ነው፡፡

እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ፡፡ አድናቂዎቹ የጠየቁት «ይህ ጥበብ ነው ወይ?» ብለው ነው፡፡ ዳኞቹ ደግሞ «ይህ የሕዝብን ሞራል ይጎዳል ወይ?» አሉ፡፡ ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት በሸራው ላይ ስለሚታየው ነው፡፡ ከካሜራው ፊት የቆመችው ልጅ ምን እንደደረሰባት ግን የሁለቱም ጥያቄ አልነበረም፡፡

ሦስተኛው ምዕራፍ የማሪያ ሽናይደር ነው፡፡ ፊልሙ ሲቀረጽ 19 ዓመቷ ነበር፤ ብራንዶ ሃምሳን ሊደፍን ተቃርቧል፡፡ በፊልሙ ውስጥ ፖል ዣንን በኃይል የሚደፍርበት ትዕይንት አለ፡፡ ሽናይደር በ2007 በሰጠችው ቃለ መጠይቅ፣ ያ ትዕይንት በስክሪፕቱ ላይ እንዳልነበረና የተነገራት ከቀረጻው በፊት ጥቂት ቀደም ብሎ እንደነበር ተናገረች፡፡ ድርጊቱ የትወና ቢሆንም እንባዋ እውነተኛ እንደነበር፣ ውርደት እንደተሰማት ገለጸች፡፡ በስክሪፕት ላይ የሌለን ነገር ሥሪ ብሎ ማስገደድ እንደማይቻልም ያኔ አላወቀችም ነበር፡፡ ከዚያ ፊልም በኋላ እርቃን የሚጠይቁ ሚናዎችን አልፈለገችም፡፡ በ2011 አረፈች፡፡

በርቶሉቺ ደግሞ በ2013 ሲጠየቅ፣ በትዕይንቱ ላይ ቅቤ የመጠቀሙን ሐሳብ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ከብራንዶ ጋር እንዳመጡትና ሆን ብሎ እንዳልነገራት አመነ፡፡ የፈለገው የተዋናይት ሳይሆን የልጅቷን የራሷን ስሜት ነበር፡፡ ጥፋተኝነት ቢሰማውም እንደማይጸጸት ጨመረ፡፡ ንግግሩ በ2016 እንደገና ተሰራጭቶ ቁጣ ሲቀሰቅስ፣ ከልጅቷ የተደበቀው የቅቤው ነገር ብቻ እንጂ ድፍረቱ በስክሪፕቱ ላይ ነበር ሲል ማስተባበያ ሰጠ፡፡ የሁለቱ ቃል እዚህ ላይ ይለያያል፡፡ ሳታውቅ የተደረገ ነገር መኖሩን ግን ሁለቱም ይስማማሉ፡፡

ከዚያ ወዲህ የሂሱ ሚዛን ተለወጠ፡፡ በ2018 የአሜሪካው ኤችቢኦ በወሲብ ትዕይንቶች ላይ የተዋንያንን ፈቃድና ደህንነት የሚከታተል ባለሙያ እንዲኖር ወሰነ፡፡ በ2024 የሽናይደርን ሕይወት የሚተርክ ፊልም በካን ፌስቲቫል ታየ፡፡ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የፈረንሳይ ሲኒማቴክ «የመጨረሻው ታንጎ»ን ሊያሳይ አስቦ ተቃውሞ ሲነሳ ሰረዘው፡፡

ይሰረዝ ወይስ ይታይ? የእኔ አቋም ይታይ የሚል ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ ሳይደበቅ፡፡ ማገድ የጣሊያን ዳኞች የሞከሩት መንገድ ነው፤ ለሽናይደር የፈየደላት አንዳች ነገር የለም፡፡ ተመልካቹ ከማየቱ በፊት የእሷን ቃል ይስማ፡፡ «ለጥበብ ሲባል» የሚለው ምክንያትም ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ አይታለፍ፡፡ በማንኛውም መሥሪያ ቤት አንድን ጀማሪ ሠራተኛ ሳያውቅ አዋርዶ ጥሩ ውጤት ያመጣ አለቃ ሲሞገስ ዝም አንልም፡፡ የፊልም መቅረጫ ቦታም መሥሪያ ቤት ነው፡፡

ለባልደረባዬ ይህን ሁሉ ነገርኳት፡፡ «የመጨረሻው ታንጎ» የብቸኝነት ፊልም ነው የሚለውን አቋሜን አልተውኩም፡፡ በዚያ አፓርታማ ውስጥ ብቸኛው ሰው ፖል ነው ማለቴን ግን ትቻለሁ፡፡